ማንም የማያየውን መጠገን የማን ግዴታ ነው?



«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። አባቶቻችን ይህን ሲሉ ስም ቢቀየር፣ ቦታ ቢለወጥ፣ ሰው በሰው ቢተካ፣ የነገሩ ፍሬ እስካልተለወጠ ድረስ ጥቅም የለውም ማለታቸው ነው። አባባሉ እውነት አለው። ነገር ግን ከገጠመኝ ነገር የተነሣ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ጉልቻው ራሱ ቢሰነጠቅስ? ቢፈረፈርስ? መሰንጠቁንም ከእኔ በቀር ያየ ሰው ባይኖር፣ እኔም ነገ ያን ቤት ለቅቄ የምሄድ ብሆን፣ ጉልቻውን መለወጥ የማን ግዴታ ነው?

ጥያቄው ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ሲይዙት ግን ይፋጃል። ከእሑድ ጉባኤ በኋላ ለጓደኞቼ ባነሣው ለሁለት ተከፈልን። አንዳንዱ «ይህ የባለቤቱ ጉዳይ ነው» አለ። ሌላው «አይቶ ዝም ያለ ሰው ተባባሪ ነው» አለ። ጊዜው አጭር ስለነበረ ሳንጨርሰው ተለያየን። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በጽሑፍ ላቅርብና፣ የራሴን ሐሳብ ጨምሬ፣ ፍርዱን ለእናንተ ልተው አሰብሁ።

ምድጃውና ጡቡ

ሦስት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ሆነን በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ ዱሉት በምትባለው የሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ከተማ አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ተከራይተን ነበር። በዚያ አገር ክረምት የሚባለው እንደኛ የዝናም ወራት አይደለም፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው የበረዶ ወራት ነው። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስባቸው ሌሊቶች አሉ። ቤቱ የጋዝ ማሞቂያ ነበረው። ነገር ግን የወሩ ሒሳብ ከአቅማችን በላይ ሲሆንብን በሳሎኑ ጥግ የቆመውን የእንጨት ምድጃ ማንደድ ጀመርን።

እንዲህ ያለውን ምድጃ ላላየ ሰው ጥቂት ልግለጽ። ምድጃው ከወፍራም ብረት የተበየደ ሣጥን ነው። ከፊት በር፣ ከላይ ወደ ጣራ የሚወጣ የጭስ ማውጫ አለው። ውስጡን ብታዩት ግን ብረቱ አይታይም። ወለሉና ሦስቱ ግድግዳዎች ፈዛዛ ቢጫ በሆኑ ጡቦች ተሸፍነዋል። እነዚህም የእሳት ጡቦች ይባላሉ። ቤት እንደምንሠራባቸው ጡቦች አይደሉም። እሳት ከሚችል የሸክላ አፈር ተበጅተው በከፍተኛ ሙቀት የተተኰሱ ስለሆኑ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይችላሉ። የተለመደው መጠናቸው ርዝመቱ 9 ኢንች፣ ወርዱ 4 ኢንች ተኩል፣ ውፍረቱ 1 ኢንች ከሩብ ነው። ይህም 23 ሴንቲ ሜትር በ11 ተኩል፣ ውፍረቱም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆኑ ነው።

የጡቦቹ ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው ብረቱን መጠበቅ ነው። ብረት ጠንካራ ነው እንላለን እንጂ ሙቀቱ 600 ዲግሪ ሲደርስ ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉን ያጣል፤ ይቀላል፣ ይለምጣል፣ ይጣመማል። ሁለተኛው ሥራቸው ሙቀቱን ወደ እሳቱ መመለስ ነው። እንጨት ሲነድ ከኃይሉ ብዙው የሚገኘው ከእንጨቱ ከሚወጣው ጋዝ ነው። ይህም ጋዝ በደንብ እንዲነድ የምድጃው ሆድ 600 ዲግሪ ያህል መጋል አለበት። አለዚያ ጋዙ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ይወጣና በጭስ ማውጫው ግድግዳ ላይ እንደ ቅጥራን ይጋገራል። ያም ቅጥራን አንድ ቀን ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። እንግዲህ ጡቡ ራሱ አይነድም፣ አያበራም፤ ነገር ግን እሳቱ እሳት ሆኖ፣ ብረቱም ብረት ሆኖ የሚኖረው በእርሱ ነው።

ይህ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ላቀች የሚባለውን የከሰል ምድጃ ያየ ሁሉ ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ሸክላ መሆኑን ያውቃል። ሸክላው ሲሰበር ቆርቆሮው ብዙ አይሰነብትም።

የእሳት ጡብ ያልቃል። ዕድሜውን የሚወስነው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰው አያያዝ ነው። ፍልጡን በቀስታ ከማስገባት ይልቅ የሚወረውር ሰው ጡቡን ይሰብረዋል። እርጥብ እንጨት የሚያነድም ይጎዳዋል። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ለምድጃ የሚመከረው ግን ርጥበቱ ከመቶ ሃያ ያነሰ፣ ተፈልጦ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት የደረቀ ነው። ምድጃውን ከሚገባው በላይ የሚያግለውም እንዲሁ ይጎዳዋል። የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ችግር የለውም፤ ጡቡ በሙቀት ሲለጠጥና ሲሰበሰብ የሚመጣ ነው። ስንጥቁ ሰፍቶ ብረቱ ሲታይ ወይም ጡቡ በጣት ሲነካ ሲፈረፈር ግን መለወጥ አለበት።

ያጠፋነው ጥፋት

እኛ ከላይ የተናገርሁትን ሁሉ አጠፋን። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ማገዶአችን አለቀ። ርካሽ ነው ብለን ገና ያልደረቀ ፍልጥ ገዛን። አልነድ ሲለን የምድጃውን የአየር መግቢያ ሙሉ በሙሉ ከፍተን፣ የዕቃ ሣጥን ስብርባሪና ካርቶን እየጨመርን አነደድነው። ብርዱ ስለጠናብንም ፍልጡን ከወዲያ ቆመን እየወረወርን በሩን ቶሎ እንዘጋ ነበር። አንድ ሌሊት የምድጃው ጀርባ በጨለማው ውስጥ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆኖ ሲታይ ሦስታችንም አየነው። ሞቀን፤ ደስ አለን። ያ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

በግንቦት ወር ትምህርት ሲያበቃ ቤቱን ልንለቅ ሆነ። ምድጃውን የማጽዳት ተራ የእኔ ነበረ። ለብዙ ቀናት እሳት አልነበረበትምና አመዱ ቀዝቅዟል። (ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በአመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም ከአንድ ቀን በላይ፣ አንዳንዴም ለበርካታ ቀናት ሳይጠፋ ሊቆይ ስለሚችል፣ አመድ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ እንጂ በወረቀት ወይም በላስቲክ አይወጣም።) አመዱን አውጥቼ በእጅ ባትሪ ባየው ከኋላ ከተደረደሩት ጡቦች አንዱ ከሦስት ተሰብሮ ወድቋል። ሁለቱ በጣቴ ስነካቸው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈሩ። በክፍተቱ ያየሁት ብረት ቀጥ ያለ አልነበረም። ወደ ግድግዳው በኩል አብጦ ወጥቷል።

ከውጭ ሲያዩት ምድጃው ጥቁር፣ ንጹሕና ሙሉ ነበር። ጀርባው ወደ ግድግዳ ስለሆነ እብጠቱን ለማየት አንገትን አጣምሞ በባትሪ መፈለግን ይጠይቃል። ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቅዳሜ መጥተው ግድግዳውን፣ መስኮቱንና ማቀዝቀዣውን አይተው መያዣችንን ሊመልሱ ቀጠሮ ሰጥተውናል። የምድጃውን ሆድ ይመረምራሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ከእኛ ቀጥሎ የሚገቡትን ሰዎችም አይተናቸዋል። ቤቱን ሊያዩ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ነበራቸው። ወላጆቹ ከባለቤቱ ጋር ሲነጋገሩ ሕፃኑ ምንጣፉ ላይ እየዳኸ ሄዶ ያን ቀዝቃዛ ምድጃ በሁለት እጁ ይዞ ተነሣና ቆመ። ሁላችንም ሣቅን።

የተሰበረውን ጡብ ለጓደኞቼ ባሳያቸው አንደኛው «አመዱን መልሰህ ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፤ ማን ያያል?» አለኝ። ይህን ያለኝ ጓደኛዬ ክፉ ሰው አይደለም። ታምሜ በተኛሁበት ሰሞን ሾርባ ሠርቶ ያበላኝ እርሱ ነው። ስለዚህ ቃሉን ንቄ ልተወው አልቻልሁም። የሰጣቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ መመርመር ግድ ሆነብኝ።

ዝም ብሎ ለመሄድ የቀረቡ ምክንያቶች

አንደኛው ምክንያት «ዕቃ ያልቃል፤ የሚያልቅ ዕቃ ደግሞ የባለቤቱ ነው» የሚል ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ማንም ተከራይ ደጃፉ በመረገጡ አይከሰስም። ጡብም በወጉ ተይዞ በብዙ ዓመት ቢያልቅ ወጪው የባለቤቱ ነው። ነገር ግን ማለቅና መጨረስ አንድ አይደሉም። ያ ጡብ በእጃችን ሰነፍነት በአንድ ክረምት አለቀ። በተጨማሪም፣ ወጪው የባለቤቱ ነው ብንል እንኳ፣ ባለቤቱ ያላወቁትን ነገር እንዴት ያሠሩታል? የወጪው ጥያቄ ከማሳወቅ ጥያቄ የተለየ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት «ከእኛ በፊት ስንት ሰው ኖሮበታል፤ እኛ ብቻ ሰበርነው ለማለት ምን ማስረጃ አለ?» የሚል ነው። ይህም ከባድ ሙግት ነው። እውነትም ጡቦቹ ከእኛ በፊት ተሰንጥቀው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህን ሙግት እስከ መጨረሻው ብንከተለው የት ያደርሰናል? ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ እንዲህ ብሎ ሄደ፤ እኛም እንዲህ ብለን እንሄዳለን፤ የሚመጣውም እንዲህ ይላል። ሁሉም ጥፋቱን ተካፍሎ ለየብቻው ሲለካው የማንም ድርሻ አንድ ጡብ አይሞላም። እሳቱ ግን ድርሻ አይቈጥርም። የሚያገኘው በመጨረሻ እቤት የተገኘውን ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ድህነታችን ነበረ። «እሳቸው ቤት ያላቸው ሰው ናቸው፤ እኛ የሰው አገር ተማሪዎች ነን» አለኝ። ይህን ለመናቅ አልችልም። መያዣው ለሦስታችንም የሚቀጥለው ቤት መግቢያ ነበረ። ሆኖም ዝምታችን የሚጎዳው ሀብታሙን ነውን? ባለቤቱ በሌላ ሠፈር ነው የሚያድሩት። ከዚያ ምድጃ አጠገብ የሚያድሩት እንደኛው ተከራይ የሆኑት ባልና ሚስት ናቸው።

አራተኛው «እኛ እኮ አልዋሸንም፤ ዝም ነው ያልነው» የሚል ነው። ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ ይህ ነው። ከአፌ የሐሰት ቃል ሳይወጣ ሐሰተኛ ልሆን እችላለሁን?

ይህን ለመመለስ ወደ ገበያ መለስ እንበል። ምጣድ ወይም ጀበና የምትገዛ እናት ዕቃውን በዐይኗ አይታ ብቻ አትገዛም። አንሥታ በጣቷ ኳ ኳ ታደርገዋለች፤ ድምፁን ትሰማለች። ጤነኛ ሸክላ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ደግሞ የታፈነ ድምፅ ያሰማል። እንግዲህ ሻጭዋ ስንጥቁን እያወቀች በጥላሸት ብትሸፍነውና፣ ገዢዋም ሳታንኳኳ ብትገዛው፣ ሻጭዋ አንድ ቃል ባትናገርም እንኳ ዋሽታለች የማይል ማን ነው? የዋሸው እጇ ነው። እኔም አመዱን ወደ ኋላ ብገፋው እጄ «ይህ ምድጃ ደኅና ነው» ብሎ ይናገር ነበረ።

የማይታይ ሰው ምን ያደርጋል?

የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን «ፖሊቴያ» በሚባለው መጽሐፉ በሁለተኛው ክፍል ስለ አንድ እረኛ የሚተረክ ታሪክ አስገብቷል። ጊጌስ የሚባለው ሰው ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ (ይህ እንደ አነባበቡ ይለያያል) በልድያ አገር በግ ጠባቂ ነበረ። አንድ ቀን የወርቅ ቀለበት አገኘ። የቀለበቱን ፈርጥ ወደ ውስጥ ሲያዞረው ከሰው ዐይን ይሰወራል። እረኛው ይህን ባወቀ ጊዜ ወደ ቤተ መንግሥት ገብቶ ንግሥቲቱን አባበለ፣ ንጉሡን ገደለ፣ መንግሥቱንም ወሰደ። በመጽሐፉ ውስጥ ይህን የሚተርከው ግላውኮን ጥያቄው ይህ ነው፦ ማንም ሊያየን የማይችል ብንሆን በጎ ሆኖ የሚቆይ ሰው ይኖራልን? ወይስ ሰው ጨዋ የሚሆነው ስለሚታይ ብቻ ነው?

ይህን በትምህርት ቤት ባነበብሁት ጊዜ ሩቅ ተረት መስሎኝ ነበር። እንዲያ ያለ ቀለበት ማን አለው? አሁን ግን እያንዳንዳችን በየቀኑ በጣታችን እንደምናጠልቀው ገባኝ። የለቀቅነው ቤት፣ ያስረከብነው ሥራ፣ የዘጋነው የሒሳብ መዝገብ፣ የመለስነው የተዋስነው ዕቃ ሁሉ ቀለበት ነው። ጥፋቱ በሚታወቅበት ጊዜ እኛ የለንም፤ ከዐይን ተሰውረናል።

ጀርመናዊው ካንትም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አንድ ነጋዴ ይጽፋል። ነጋዴው ሕፃን ልጅ ተልኮ ቢመጣ እንኳ ዋጋ አይጨምርበትም። ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ደንበኛ እንዳይሸሸው ከሆነ፣ ሥራው መልካም ቢሆንም ከቅን ግዴታ የመነጨ አይደለም ይላል። እኔ በበኩሌ ነጋዴው ሕፃኑን እስካላታለለ ድረስ ለጊዜው ይበቃኛል። ነገር ግን የካንት ነጋዴ የሚጠብቀው ደንበኛ አለው፤ ነገ ይመለሳልና። ቤት ለቅቆ የሚሄድ ሰው ግን ምንም የሚጠብቀው የለም። ስለዚህ የሰው ቅንነት የሚፈተነው ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ ይመስለኛል።

የምድጃ ነገር ከተነሣ የቤንጃሚን ፍራንክሊንን ሥራ መጥቀስ ተገቢ ነው። ፍራንክሊን የቤት ማሞቂያ ምድጃ ፈልስፎ በ1744 ስለ አሠራሩ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የፔንሲልቬንያ ገዥ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻውን እንዲሸጠው መብት ልስጥህ ቢለው እምቢ አለ። ምክንያቱን በሕይወት ታሪኩ ሲያስረዳ፣ እኛ በሌሎች ሰዎች ፈጠራ ብዙ እንደተጠቀምን ሁሉ በእኛም ፈጠራ ሌላውን ለማገልገል ደስ ሊለን ይገባል የሚል ሐሳብ ያቀርባል። ከዚያ በኋላ አንድ የለንደን ብረታ ብረት ነጋዴ ጥቂት ለውጥ አድርጎ በስሙ መብት አውጥቶበት ገንዘብ እንዳገኘበትም እዚያው ይናገራል። የፍራንክሊን ሐሳብ ለእኛ ነገር ቊልፍ ነው። ያን ምድጃ ያገኘነው ሙሉ ሆኖ ነው። ጡቡን የደረደሩልንን ሰዎች አናውቃቸውም፤ ልናመሰግናቸውም አንችልም። የማናውቀው ሰው ላደረገልን በጎ ነገር ብድሩን የምንመልሰው ለሌላ ለማናውቀው ሰው ካልሆነ ለማን ነው?

ያደረግሁትና የተሳሳትሁት

ሐሙስ ዕለት ለማንም ሳልነግር ስድስት የእሳት ጡብ ገዛሁ። ዋጋው ከአርባ ዶላር አይበልጥም ነበር። ሥራው ከባድ አይደለም። አፍና አፍንጫን በጭንብል መሸፈን ያስፈልጋል፤ የጡቡ ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ነውና። የጎኖቹን ጡቦች ከያዛቸው የብረት ደጋፊ ቀስ ብሎ ማውጣት፣ የኋላዎቹን ማንሣት፣ አሮጌውን ለመለኪያ ማስቀመጥ፣ ከዚያም አዲሱን በቦታው ማቆም ነው። በእንዲህ ያለ ምድጃ ጡቦቹ በስሚንቶ አይጣበቁም። በሙቀት ስለሚለጠጡ መላወሻ ካጡ ይሰበራሉ። ከዚያም ርጥበታቸው እንዲወጣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እሳቶች አነስ አነስ ያሉ መሆን አለባቸው።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨረስሁ። የምድጃው ሆድ እንደ አዲስ ሆነ። ልቤም ቀለለኝ። «ሳይቃጠል በቅጠል» አልሁ ለራሴ። ማንም ሳያይ በጎ ሥራ ሠራሁ ብዬ ተኛሁ።

ሌሊት ግን ነቃሁ። ያበጠው ብረትስ? ያ ብረት አንድ ጊዜ ተጣምሟል። ብየዳው የት ላይ እንደተላቀቀ በዐይን አይታይም። በተላቀቀው በኩል ከእሳት የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢገባ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ተኝቶ ያለ ሰው አያውቀውም። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ይህ ነው፦ በአዲሶቹ ጡቦች ያንን ብረት ከዐይን ሸፈንሁት። ጡቡ ተሰብሮ ሳለ ቢያንስ ውስጡን ያየ ሰው ሊጠረጥር ይችል ነበር። አሁን ግን ማንም ቢያየው ምድጃው ደኅና ነው። ጓደኛዬ በአመድ ሸፍን ያለኝን እኔ በአርባ ዶላር ሸፈንሁት። ልዩነቱ ምንድን ነው? የእርሱ ምክር ነፃ ነበር፤ የእኔ ደግሞ ኅሊናዬን አስተኛልኝ።

ተረቱን ያስታወስሁት ያን ጊዜ ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ለካ አባቶቻችን ይህንንም ያውቁ ነበር። ከውስጥ የተበላሸ ነገር ሳይነገር ከፊቱ ያለውን ብቻ መለወጥ ጥገና አይደለም፤ ልቅለቃ ነው።

ቅዳሜ ባለቤቱ ሲመጡ ሁሉንም ነገርኋቸው። እርጥብ እንጨት ማንደዳችንን፣ ብረቱ መቅላቱን፣ ጡቡን መለወጤን፣ ጀርባው ማበጡን ነገርኋቸው። አንድ ጡብ አንሥቼም አሳየኋቸው። ሽማግሌው ብዙ አልተናገሩም። አላመሰገኑኝም። በባትሪዬ ረዘም ላለ ጊዜ አዩና «ይህን በጥር ልትነግሩኝ ይገባ ነበር» አሉኝ። እውነት ነበሩ። ከመያዣችን ሦስት መቶ ዶላር ቀነሱ። በሚቀጥለው ሳምንት ባለሙያ አምጥተው ሲያስመረምሩት ምድጃው ዳግመኛ እንዳይነድ ተፈረደበትና ተነቅሎ ወጣ። አዲሶቹ ስድስት ጡቦቼም በሆዱ እንዳሉ አብረውት ሄዱ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልደብቅ አይገባኝም። የተቀነሰው ገንዘብ የሦስታችን ነበር። እኔ ጓደኞቼን ሳላማክር፣ ጡቡን በድብቅ እንደለወጥሁ ሁሉ እውነቱንም በድብቅ ወሰንሁ። በእነርሱ ገንዘብ እውነተኛ ሆንሁ። ከባለቤቱ በፊት ለእነርሱ ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ እምቢ ቢሉኝ እንኳ ልናገር መሆኔን ማወቅ መብታቸው ነው። ይህን ከተረዳሁ በኋላ በበጋው የትምህርት ዕረፍት በምግብ ቤት ሳህን እያጠብሁ የሁለቱንም ድርሻ ሰጠኋቸው። አንደኛው ተቀበለኝ። ያ ሾርባ ያበላኝ ጓደኛዬ ግን «እኔም አነድጄዋለሁ» ብሎ ገንዘቡን መለሰልኝ። እስከ ዛሬ ድረስ በጉዳዩ አንስማማም። «አንተ ብትነግራቸውም ባትነግራቸውም ምድጃው ላይነድ ይችል ነበር» ይለኛል። ሊሆን ይችላል። በዚያ ቤት ሊደርስ የሚችለው ነገር ሳይደርስ ስለቀረ ማን ትክክል እንደሆነ የሚያረጋግጥ ነገር የለም። ካልደረሰ አደጋ ማንም ሰው ማስረጃ አያገኝም።

መደምደሚያ

እንግዲህ ማንም የማያየውን መጠገን የማን ግዴታ ነው? ለሚለው ጥያቄ የደረስሁበት መልስ ይህ ነው።

ሀ. ግዴታው ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቀው ባወቀው ሰው ላይ ነው። ባለቤትነት የወጪውን ድርሻ ይወስናል፤ ጥፋተኝነት የካሣውን ድርሻ ይወስናል። ማወቅ ግን ከሁለቱም በፊት ባለዕዳ ያደርጋል። ያ ሕፃን ምድጃውን ይዞ ሲቆም ከእኛ በቀር የሚያውቅለት ሰው አልነበረውም።

ለ. የመጀመሪያው ግዴታ መጠገን ሳይሆን መናገር ነው። መጠገን አቅምና ሙያ ይጠይቃል፤ ሁሉም ሰው አይችለውም። መናገርን ግን ድኻም ይችለዋል። ሳይናገሩ መጠገን ደግሞ፣ እኔ እንዳደረግሁት፣ ጥፋትን የመሸፈኛ ሌላ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ሐ. እውነት መናገር የሚያስከትለውን ወጪ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ መጫን አይገባም። አብረውን ያጠፉትን አስቀድመን እናማክር፤ ካልተስማሙም የእኛን ድርሻ በራሳችን እንሸከም።

መ. ነገሩን በጊዜው ማየት ይገባል። ሽማግሌው «በጥር» ያሉት ቃል እስከ ዛሬ ይከተለኛል። ብረቱ የቀላ ሌሊት ሦስታችንም ነበርን። ያን ሌሊት አንዳችን ተነሥተን «ይህ ምንድን ነው?» ብለን ቢሆን የሚያስፈልገው ምናልባት ሦስት ጡብ ብቻ ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከእኛ መካከል የእንጨት ምድጃ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ሁላችንም አንድ ነገር ተቀብለን አንድ ነገር እናስረክባለን። በዚህ ዓመት የማኅበር ገንዘብ ያዥነቱን የሚያስረክብ አለ። የሚነዳውን መኪና ለታናሽ ወንድሙ የሚሰጥ አለ፤ ፍሬኑን እርሱ ያውቀዋል። የተዋሰውን መጽሐፍ ገጹ ተቀዶ የሚመልስ አለ። ቤት የሚለቅ፣ ሥራ የሚለውጥ፣ አገር የሚቀይር አለ። ቊልፉን ከማስረከባችን በፊት አመዱን እናውጣና በባትሪ እንየው። የተሰበረ ነገር ካገኘን ደግሞ ለሚገባው ሰው እንንገረው።

ያን ቤት ካለፈው ዓመት ወዲህ አላየሁትም። ምድጃው ቆሞበት የነበረው ጥግ ባዶ ሆኖ ይሆናል፤ ወይም ሌላ ምድጃ ገብቶበት ይሆናል። ሕፃኑ ግን እስከ አሁን ያለ ድጋፍ ይሄዳል ብዬ አስባለሁ።